ልጆቻችንና የማሽተት ትምህርት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ አፍንጫ ነው። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችሁ ይሆናል። ስለ ዐይንና ስለ ጆሮ የሚናገር ሰው አስተማሪ ይባላል፤ አፍንጫ ግን በንግግራችን ውስጥ ይህን ያህል ክብር የለውም፤ ስሙንም አዘውትረን የምናነሣው ስንቆጣ ነው። ቢሆንም ርእሱን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ የመረጠልኝ በሰፈሬ የሚኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ኮዬ ፈጬ በሚባለው የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ ማለዳ በሰርቪስ እወጣለሁ፤ ማታም በሰርቪስ እገባለሁ። ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ አንድ ማታ ብርዱ ጠንክሮ መብራትም ጠፍቶ ነበርና በእኛው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ቤተ ሰብ ቡና ያፈሉበትን የከሰል ምድጃ እንዲያሞቃቸው ብለው ወደ መኝታ ክፍል አስገቡት። እነዚህ ሰዎች ግድ የለሾች አይደሉም። ከሰሉን ጢሱ እስኪወጣለት ድረስ በረንዳ ላይ አቆይተውታል፤ ያስገቡትም ፈጽሞ ቀልቶ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ንጹሕ ፍም ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያም በሩንና መስኮቱን ዘግተው ተኙ። እኩለ ሌሊት ገደማ ልጃቸው ራሱን አሞት ነቃ፤ አስታወከው፤ እየተንገዳገደም በሩን ከፍቶ ወጣና በኮሪደሩ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምተን ደረስን፤ መስኮቶቹን ከፈትን፤ ወላጆቹን ደግፈን አወጣናቸው፤ ወደ ሕክምናም ወሰድናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ዳኑ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ደረጃው ላይ አገኘኝና፣ «ጋሼ፣ ከሰሉ እኮ አይሸትም ነበር። የማይሸት ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ይገድላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ በሬዲዮ ለብዙ ሕዝብ የምናገር ሰው ደረጃው ላይ ቆሜ መልስ አጣሁ። ነገሩን ባላውቀው አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ ብዬ ብነግረው ስሙን ይዞ ይሄድ ነበር እንጂ ነገሩን አይዘውም ነበር። ሽታ ራሱ ምን እንደ ሆነ ያልተረዳ ልጅ የሽታ አለመኖር ምን ማለት እንደ ሆነ እንዴት ሊረዳ ይችላል? ስለዚህ፣ «እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞችህን ይዘህ ና» አልሁት።

እሑድ ዐሥራ አንድ ልጆች መጡ። ታናሺቱ አራት ዓመቷ ነው፤ ታላቁ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ። ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ከየቤታችን የሚገኝ ነበር፤ ታጥበው የደረቁ የእርጎ ኩባያዎች፣ ቅዳጅ ሻሽ፣ ላስቲክና ከወጥ ቤት የተለመኑ ቅመማ ቅመሞች። በየኩባያው አንድ አንድ ነገር ጨምሬ አፉን በሻሽ አሰርሁት። የተቆላ ቡና፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና የልብስ ሳሙና ነበሩ። በዘጠነኛው ኩባያ ውስጥ ጨው ጨመርሁ። ይህን ዘጠነኛ ኩባያ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ግን ሁለት ነገር አደረግሁ። መጀመሪያ አስም ያለበት ወይም አንዳች ነገር የሚያስነጥሰውና የሚያሳክከው ልጅ እንዳለ ወላጆችን ጠየቅሁ። በርበሬና ሚጥሚጣን፣ የደቀቀም ቅመም ሁሉ፣ ከጨዋታው አስወጣሁ፤ ዱቄት ወደ ሳንባ ሲገባ ቀልድ አይደለምና። በረኪናን፣ ነጭ ጋዝንና ቤንዚንንማ በአጠገቡም አላስደርስም። በነገራችን ላይ፣ በረኪናና ነጭ ጋዝ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ የምታስቀምጡ አድማጮች ብትኖሩ ዛሬውኑ ብትተዉት መልካም ነው። የተጠማ ሕፃን መጀመሪያ ይጠጣል፤ የሚያሸተው ከዋጠ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልጆቹ እንዴት ማሽተት እንደሚገባቸው ማሳየት ነበር። አፍንጫቸውን በኩባያው ላይ ደፍተው በኃይል መሳብ የለባቸውም። ኩባያውን ከፊታቸው ራቅ አድርገው ይዘው በመዳፋቸው አየሩን ወደ ራሳቸው ቀስ ብለው ይሳቡት። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለተማሪ በመጀመሪያ ከሚነገሩት ደንቦች አንዱ ይኸው ነው። አንዲት ልጅ ይህን ስታይ ሣቀችና፣ «እንደ ቡና ነዋ!» አለች። እውነትዋን ነው። ቡና የምታፈላዋ እመቤት የተቆላውን ቡና ከነጢሱ ይዛ በእንግዶቹ ፊት ስትዞር እያንዳንዱ ሰው ጢሱን በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ «ይበል፣ ይበል» ይላል። የቤተ ሙከራውን ደንብ አያቶቻችን ቡናው ዙሪያ ተቀምጠው ሲፈጽሙት ኖረዋል።

የልጆቹ ዐይን ተሸፈነና ኩባያዎቹ ዞሩ። ያስገረመኝ ማወቃቸው አይደለም፤ መናገር አለመቻላቸው ነው። ኮረሪማውን ያሸተተ ልጅ ፊቱ በራ፤ አወቀው፤ ግን ስሙን ማውጣት አቃተው። ደጋግሞ አሸተተና በመጨረሻ፣ «የአያቴ ቤት!» አለ። ጤና አዳምን አንዱ «የበዓል ቀን» አለው። ይህ በልጆች ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ እናንተም ብትሞክሩት ያጋጥማችኋል። ሽታን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስሙን መጥራት ሌላ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጨዋታ ጋር የቋንቋ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። መዓዛ አለን፤ ጠረን አለን፤ ክርፋት አለን፤ ግማት አለን፤ ጥሬ ሥጋና እንቁላል የነካው ዕቃ ሲቀር ቅርናት እንላለን። ዛሬ የብዙዎቹ ልጆቻችን አፍ ግን ሁሉንም «ይሸታል» እና «አይሸትም» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ይጨርሰዋል። ለየሽታው ተስማሚውን ቃል እንዲመርጡ ብታደርጓቸው አፍንጫቸውም አብሮ ይነቃል።

የጨው ኩባያ ተራው ሲደርስ ምን ሆነ? ከዐሥራ አንዱ ልጆች ሰባቱ አንዳች ሽታ አገኙበት። አንዱ ሽሮ ነው አለ፤ አንዷ መድኃኒት ነው አለች። ሲገለጥላቸው ተሣሣቁ። ሰው ሊሸት ይገባል ብሎ የጠበቀውን ነገር አፍንጫው ይፈጥርለታል ማለት ነው።

እንግዲህ ጨው የማይሸት ቅርንፉድ የሚሸት ለምንድን ነው? ሽታ ማለት ከነገሩ ላይ ተነሥቶ በአየር ላይ የሚበር የነገሩ ራሱ ቅንጣት ነው፤ በሳይንስ ቋንቋ ሞለኪውል ይባላል። የቅርንፉድ ዘይት ሞለኪውሎች ቀላሎች ስለ ሆኑ ከቅርንፉዱ እየተላቀቁ ይበርራሉ። የጨው ቅንጣቶች ግን እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለ ተያያዙ በቤታችን ሙቀት አንዳቸውም አይነሡም፤ ወደ አፍንጫም አይደርሱም። ይህን ለማሳየት በሁለት ኩባያ ቅርንፉድ ጨመርሁና በአንዱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሌላው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስሁ፤ የፈላውን የሚያፈሰው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው መሆን አለበት። ቀዝቃዛው በቅርብ ላለው ብቻ ሸተተ፤ የሞቀው ቤቱን አወደው። ሙቀት ሞለኪውሎቹን ያስነሣልና። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጥቂት አሰበና፣ «ስለዚህ የሚሸተኝ ነገር ሁሉ ወደ ውስጤ ገብቷል ማለት ነው?» አለ። አዎን፣ ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ስለ መጸዳጃ ቤት አንሥተው ብዙ ጩኸት ሆነ፤ እዚህ ላይ አልደግመውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ውጭ ወጣን። ዛሬ ፎቆች የቆሙበት ኮዬ ፈጬ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበር፤ በሕንፃዎቹ መካከልም ዋልካ አፈር ሞልቷል። ከጥግ ላይ ደረቅ አፈር በጣሳ ዘገንንና ልጆቹ አሸተቱት፤ ብዙም አልሸተተም። በእጃቸው ጥቂት ውሃ ሲያርከፈክፉበት ግን ወዲያው ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚነሣው ሽታ ወጣ። «ዝናብ ሸተተ!» ብለው ጮኹ። ይህ ሽታ የዝናቡ አይደለም፤ የአፈሩ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ፍጥረታት ጂኦስሚን የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የሰው አፍንጫም ከትሪሊዮን እጅ ጥቂቱ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ያገኘዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሁለት በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ሳይንቲስቶች ለዚህ ለዝናብና ለደረቅ መሬት ሽታ ፔትሪኮር የሚል ስም አውጥተውለታል። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ፈጣን ካሜራ አቁመው የዝናብ ጠብታ በአፈር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አዩ። ጠብታው ባረፈበት ስፍራ አየር ይያዝና ትናንሽ አረፋዎች ልክ በለስላሳ መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚወጡት ሽቅብ ይወጣሉ፤ ሲፈነዱም የአፈሩን ሽታ ይዘው ወደ አየር ይረጫሉ። የከተማ ልጅ አፈርን ቆሻሻ ነው ተብሎ ያድጋል። ያን ቀን አንዱን ጣሳ አፈር ለመቀማማት ሲጋፉ ማየት ደስ ይላል።

ቀጥሎ የአፍንጫችን ልክ እስከ የት እንደ ሆነ ለካን። አንድ ማንኪያ አቼቶ ከዘጠኝ ማንኪያ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ላይ አንድ ማንኪያ ተወስዶ እንደገና ከዘጠኝ ማንኪያ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሦስተኛው ኩባያ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ አለው ማለት ነው። እኔ ከልጆቹ ቀድሜ አቆምሁ፤ እነርሱ ከእኔ በኋላ አንድ ኩባያ ሄዱ። የሒሳብ ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች የዐሥር ብዜትን በአፍንጫቸው ሲቆጥሩት አየሁ። በዚሁ አጋጣሚ ስለ ዝባድ ነገርኋቸው። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው፤ አገራችን ለብዙ ዘመን በቀንድ እያሸገች ለሽቶ ሠሪዎች ስትልከው ኖራለች። ሳይበረዝ ሲሸት ሰው ፊቱን ያዞርበታል፤ እጅግ ሲበረዝ ግን ውድ የሆነው የሽቶ መዓዛ ይሆናል። ያው አንዱ ነገር መጠኑ ሲለወጥ ክርፋትም መዓዛም መሆኑን ልጆቹ በቀላሉ አላመኑኝም፤ ዝባድም በእጄ አልነበረኝም።

አሁን ወደ አፍንጫው ውስጥ እንግባ። ሞለኪውሎቹን የሚቀበሉት ሕዋሳት ያሉት ከአፍንጫችን ጣሪያ ላይ፣ ከጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር በማይሰፋ ቦታ ነው። ምሥጢሩን የፈቱት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ ሥራቸውን በ1991 አሳተሙ፤ በ2004ም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙበት። በሰው አፍንጫ ውስጥ ወደ 400 የሚደርሱ የተቀባይ ዓይነቶች አሉ። አንድ ሽታ አንዱን ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹን ባንድነት ይነካል፤ አእምሮም የተነኩትን አገጣጥሞ ያነባቸዋል። ለልጆቹ በፊደል መሰልሁላቸው። ከሀ እስከ ፐ ያሉት ፊደሎቻችን ከነእርባታቸው 231 ናቸው፤ በእነርሱ ስንት ቃል፣ ስንት መጽሐፍ እንደ ተጻፈ አስቡ። 400 ፊደል ያለው አፍንጫ የሚያነበው ሽታማ ስንት ይሆን? የተቆላ ቡና ሽታ ብቻውን ከ800 በላይ ከሚሆኑ ልዩ ልዩ ነገሮች የተቀላቀለ ነው። ጥሬውን ቡና ብታሸቱት ግን ይህ ነው የሚባል መዓዛ የለውም፤ የፈጠረው ቃጠሎው ነው።

አንዲት ልጅ፣ «ትንኝስ አፍንጫ አላት?» ብላ ጠየቀች። አፍንጫዋ በራሷ ላይ ያለው አንቴና ነው፤ እኛን የምታገኘንም በትንፋሻችንና በጠረናችን ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ የአገራችን ሥራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኙ ሦስት መንደሮች ያደረጉትን ጥናት በ2016 አሳትመዋል። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ሰውንና ከብትን ስትነክስ ዶሮን እንደምትሸሽ አዩ። ቀጥለውም ሰው በተኛበት ቤት ከወጥመዱ አጠገብ ዶሮ በቀፎ ሲሰቅሉ፣ ወይም ከዶሮ የተገኘውን ሽታ ሲያስቀምጡ፣ ወደ ወጥመዱ የገባው ትንኝ በብዙ ቀነሰ። የዶሮን ሽታ ብቻ በጠርሙስ አድርጎ ከአልጋ አጠገብ ማስቀመጥ ይቻል ይሆን ብሎ ማሰብ የመጣው ከዚህ ነው። ልጅቱ ዶሮ እንዲገዛላት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አገኘች።

ስለ ጣዕም ያደረግነውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ልጆቹ አፍንጫቸውን በጣታቸው ይዘው ዐይናቸውን ሸፍነው የብርቱካንና የማንጎ ጭማቂ ቀመሱ። «ይጣፍጣል» ከማለት በቀር የትኛው የቱ እንደ ሆነ ብዙዎቹ አላወቁም፤ ጣታቸውን ሲለቁ ወዲያው ለዩት። ምላስ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውን፣ ጨዋማውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ይለያል፤ የቀረውን የምንቀምሰው ከአፋችን በስተኋላ ወደ ላይ በሚወጣው አየር በአፍንጫችን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጡ ጣዕም የለውም የሚለው ስለዚህ ነው። በአገራችን የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ ብዙ ሰዎች ሽታ በድንገት እየጠፋባቸው ይህን ተምረዋል። ከልጆቹ መካከል ምንም ሽታ ፈጽሞ የማያገኝ ብታዩ አትቆጡት፤ ለሐኪም አሳዩት። ከአንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ብቻ የሚከረፋ ፈሳሽ የሚወጣው ሕፃን ካለም ሽንብራ ወይም ዶቃ ከቶበት ሊሆን ይችላልና በወስፌና በጉጠት አትሞክሩት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከሁሉ ይልቅ ሰፈሩን ያሰበሰበው የነጠላው ጨዋታ ነው። ሦስት እናቶች ከትከሻቸው ያወረዱትን ነጠላ ሰጡኝ፤ እያንዳንዱን በአንድ የወረቀት ከረጢት አድርጌ ልጆቻቸው በየተራ እንዲያሸቱ ሰጠኋቸው። ሁለቱ ትልልቆች ልጆች ተጠራጠሩ፤ አንዱም ተሳሳተ። የአራት ዓመቷ ሕፃን ግን ሁለተኛውን ከረጢት አንድ ጊዜ አሸተተችና አቅፋው ቀረች፤ መልሺ ብንላት እምቢ አለች። እናትየዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እያንዳንዳችን የየራሳችን ጠረን አለን፤ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የእናቱን ጠረን ከሌላው ይለያል። የሽታ መልእክት በአእምሯችን ውስጥ ከትዝታና ከስሜት ስፍራ ጋር በቅርብ የተያያዘ በመሆኑ ሥፍራው ወደ ሩቅ ዘመን ይወስደናል። ኮረሪማውን ያሸተተው ልጅ «የአያቴ ቤት» ያለው ተሳስቶ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ያህል ካመሰገንሁት በኋላ አፍንጫ የት ላይ እንደሚያታልለን ማሳየት ነበረብኝ። ስድስት ልጆች ከእኔ ጋር በክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ አምስቱ ውጭ ቀሩ። ሽንኩርት ከትፌ በሰሃን መካከል ላይ አኖርሁት፤ በሩንም ዘግቼ ተረት እያወራሁ ሩብ ሰዓት ቆየን። «አሁንም ይሸታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጠፍቷል» አሉ። ውጭ የነበሩትን ስናስገባቸው አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ፤ ውሸታም መባባል ድረስ ደረሱ። ሁለቱም ወገን እውነቱን ይናገር ነበር። አፍንጫ አዲስ የመጣውን ነገር ሊነግረን የተሠራ ዘበኛ ነው፤ ያው ሽታ ሲቆይበት መናገሩን ይተዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የአሮጌ ፋይል ሽታ የማይሰማው፣ ባለ ጉዳዩ ግን በሩ ላይ የሚያስነጥሰው ስለዚህ ነው። ሽታው ጠፋ ማለት ነገሩ ጠፋ ማለት አይደለም።

ልጁ ከሁሉ ይልቅ ጆሮውን የሰጠው እዚህ ላይ ነበርና ወደ ጥያቄው ተመለስን። የምግብ ማብሰያ የጋዝ ሲሊንደር አሳየሁት። በውስጡ ያለው ጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም። ስናፈስሰው የሚከረፋን ፋብሪካው ዐውቆ የጨመረበት መርካፕታን የሚባል ድኝ ያለበት ነገር ነው፤ ከቢሊዮን እጅ ጥቂቱ እጅ እንኳ ቢሆን አፍንጫችን ያገኘዋል። ይህ ልማድ የተስፋፋው ከትልቅ ኀዘን በኋላ ነው። በ1937 በመጋቢት ወር በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ አገር ኒው ለንደን በተባለች ከተማ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ በትምህርት ቤቱ ወለል ሥር ማንም ሳያውቀው ተጠራቅሞ ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ለልጆቹ ይህን አልነገርኋቸውም። የነገርኋቸው ያ ሽታ በቤት ውስጥ ሲሰማቸው ክብሪት እንዳይጭሩ፣ መብራት እንዳያበሩም እንዳያጠፉም፣ ወጥተው ትልቅ ሰው እንዲጠሩ ነው። ትልቁ ሰው ደግሞ የሲሊንደሩን መዝጊያ ይዝጋ፤ መስኮቱን ይክፈት።

ለሲሊንደሩ ጋዝ ሽታ የሚጨምርለት ፋብሪካ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚሠራው ፋብሪካ ግን የራሳችን ምድጃ ነው፤ ሽታ የሚጨምርበት የለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይህ ጋዝ ይወጣል። ጢሱ ካለቀና ከሰሉ ቀይ ፍም ከሆነ በኋላም መውጣቱን አይተውም። አይታይም፤ አይሸትም፤ ዐይንም አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በፍሙ ላይ ዕጣን መጨመር ቤቱን ያሸትት ይሆናል እንጂ ጋዙን አያስወጣውም።

ይህን ለልጁ በቃል ብቻ አልነገርሁትም። ሁለት በሻሽ የታሰሩ ኩባያዎች በፊቱ አኖርሁ። አሸተተ። «ሁለቱም ባዶ ናቸው» አለ። ከፈትናቸው፤ አንዱ በእርግጥ ባዶ ነበር፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ያ ጨው ተቀምጧል። ልጁ ጨውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ከሰሉ ውስጥም እንዲህ ነበረ?» አለኝ። «አዎን፣ እንዲህ ነበረ» አልሁት።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ የሚከተለው ለእናንተ ነው። የከሰል ምድጃ ቢቀላም፣ ቢጠቁርም፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር፤ መስኮት በጥቂቱ መክፈትም መተማመኛ አይሆንም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከያዛቸው ጉንፋን ነው አትበሉ፤ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ወደ ሐኪም ቤት አድርሱ። ወተት ማጠጣት ለዚህ መድኃኒት አይደለም፤ የሚረዳቸው ንጹሕ አየርና በሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ተመልሰው መጥተው ነበር። አሁን ስለ ድምፅ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ እኔም ባዶ ጣሳና ሲባጎ እየፈለግሁ ነው። ማታ ወደ ቤቴ ስገባ የዚያ ልጅ ቤት ምድጃ በረንዳው ላይ በአመድ ተሸፍኖ ያድራል። እናቱም አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «ይኸው ጋሼ፣ ልጁ በሩን ቆሞ እየጠበቀ አላስገባም አለኝ፤ እኔም ብርድ ልብስ ጨመርሁ» አለችኝ።

ደኅና እደሩ።